ፍርድ እና ብርድ፦ ለሳሎናችን ሳውንድባር ስመርጥ የያዝኩት ማስታወሻ

መስከረም 27

ማታ 2 ሰዓት፣ ዜና ላይ ነን። አንባቢዋ ስለ አንድ የፍርድ ቤት ጉዳይ ታወራለች። አባባ ወደኔ ዞር አሉና «ብርዱ ዘንድሮ ይበረታል አለች አይደል?» አሉኝ። «ብርድ አይደለም አባባ፣ ፍርድ ነው» አልኳቸው። ዝም አሉ። ዜናው እስኪያልቅ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሱም።

ነገሩ ከጀመረ ቆይቷል። አባባ ከመሐል ሜዳ ወደኛ፣ ወደ ደብረ ብርሃን ከመጡ 2 ዓመት ሆናቸው። እዚያ እያሉ ሬዲዮናቸውን ጆሯቸው ሥር ይዘው ዜና ሰምተው ለሰፈሩ ሰው የሚያስረዱት እሳቸው ነበሩ። አሁን ቴሌቪዥኑን 60 ላይ አድርገነው እንኳ «ምን አለ?» ይላሉ። ልጄ ጓዳ ገብታ በር ዘግታ ነው የምታጠናው። ድምፁ ይጮሃል፣ ቃሉ ግን አይለይም። እኔ ራሴ ሶፋው ጫፍ ላይ ስቀመጥ ግማሹን በግምት ነው የምሞላው።

ሳውንድባር፣ ማለትም ከቴሌቪዥኑ ሥር የሚቀመጥ ረዥም ስፒከር፣ ልገዛ ወስኛለሁ። ገንዘቡ ቀላል ስላልሆነ የሞከርኩትንና ያወጣሁትን እዚህ እየጻፍኩ እሄዳለሁ።

ጥቅምት 3

ባለቤቴ «ከእቃው በፊት ጆሯቸውን እናሳያቸው» አለች። ልክ ነበረች። ጆሮ ሐኪም ጋ ወሰድናቸው። ከግራ ጆሯቸው የደረቀ ኩክ ወጣ፤ እሱ ብቻ ትንሽ ለውጥ አመጣ። ከዚያ ምርመራው ተደረገና ሐኪሙ ወረቀቱን አሳየኝ። መስመሩ በወፍራም ድምፅ በኩል ደህና ይሄድና ወደ ቀጭኑ ሲደርስ ቁልቁል ይወርዳል። 4,000 ኸርዝ አካባቢ ጉድጓድ አለው።

አባባ 27 ዓመት ወፍጮ ቤት ነው የሠሩት። የናፍጣው ሞተር ከኋላ፣ ወፍጮው ከፊት። ሐኪሙ እንዳስረዳኝ ጫጫታ መጀመሪያ የሚጎዳው ያንን አካባቢ ነው፤ ዕድሜ ደግሞ ከቀጭኑ ድምፅ ጀምሮ ይጨምርበታል። ፍ፣ ስ፣ ሽ፣ ት፣ ክ የሚባሉት ፊደሎች የሚለዩት በዚያው በቀጭኑ ድምፅ ነው። ድምፅ ስንጨምርላቸው በይበልጥ የሚጮኸው ወፍራሙ ክፍል ነው፣ ማለትም አሁንም የሚሰሙት ክፍል። ለዚህ ነው 60 ላይ አድርገነውም «ምን አለ?» የሚሉት።

የመስሚያ መሣሪያ እንደሚያስፈልጋቸውም ነግሮናል፣ ቀጠሮ ይዘናል። ሳውንድባር ያንን አይተካም። ግን ቴሌቪዥኑ ጥሩ ድምፅ ካላወጣ መሣሪያውም የሚያጎላው የተበላሸውን ድምፅ ነው፣ ስለዚህ ሁለቱም ይቀጥላሉ።

ጥቅምት 6

ዛሬ ምንም ሳልገዛ ያለኝን አየሁ። ቴሌቪዥኑ 43 ኢንች ነው። ስፒከሩ የት እንዳለ አይቼው አላውቅም ነበር። በስልኬ ባትሪ እያበራሁ ከሥሩ ሳይ ግራና ቀኝ ጠባብ ቀዳዳዎች አሉ፣ ሁለቱም ወደ ታች ያያሉ። ድምፁ መጀመሪያ የሚመታው ቡፌውን ነው፣ ከቡፌው ወደ ግድግዳ፣ ከዚያ ነው ወደኛ የሚመጣው። ቴሌቪዥን እየሳሳ ሲሄድ ለስፒከር የሚሆን ቦታ አልቀረውም። የድሮው ባለ ጀርባው ቴሌቪዥናችን ስፒከሩ ከፊት ለፊት ስለነበር ንግግሩ ፊት ለፊት ይመጣ ነበር።

በነፃ የሚሞከረውን ሁሉ ሞከርኩ። ድምፁን ከዙሪያ የመጣ የሚያስመስለውን ሰራውንድ የሚለውን አጠፋሁ፣ ቤዙን (ወፍራሙን) ቀነስኩ፣ ትሬብሉን (ቀጭኑን) ጨመርኩ፣ የድምፅ ሞዱን ንግግር የሚያጎላው ላይ አደረግኩ። ሰራውንዱን ማጥፋት ብቻውን ለጆሮ የሚታወቅ ልዩነት አለው። ሌላ ነገር ለመግዛት የሚያስብ ሰው መጀመሪያ እሱን ይሞክር።

ጥቅምት 8

ቅዳሜ ስለሆነ እዚሁ ከተማ ወጥቼ የመጀመሪያውን ገዛሁ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ 800 ዋት ይላል። ሻጩ ሱቅ ውስጥ ሙዚቃ ከፈተልኝ፣ መስታወቱ ተንቀጠቀጠ። 7,500 ብሎ ነበር፣ ተከራክሬ በ6,800 ወሰድኩት።

ቤት ገብቼ ስፈታው አዳፕተሩን አየሁት። ስልክ ቻርጀር የሚያክል ነው። ከኋላው በደቃቁ ተጽፏል፦ 15 ቮልት፣ 2 አምፒር። ሲባዛ 30 ዋት ነው። ከግድግዳው 30 ዋት የሚወስድ እቃ 800 ዋት ከየት ያመጣል? ካርቶን ላይ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ፒኤምፒኦ የሚባለው ነው፣ ለቅጽበት የሚታይ ጫፍ፤ አሠራሩም ወጥ መለኪያ የለውም። መታየት ያለበት አርኤምኤስ የሚለው ቁጥር ነው፣ ሳያቋርጥ የሚያወጣው ኃይል። እሱ ካልተጻፈ አዳፕተሩን ወይም ከጀርባ ያለውን ሌብል ማንበብ ነው። ደግሞ ዋት እጥፍ ሲሆን ድምፁ እጥፍ አይሆንም፤ 3 ዴሲቤል (የጩኸት መለኪያ ነው) ብቻ ነው የሚጨምረው። ለጆሮ እጥፍ እንዲመስል ዋቱ ወደ 10 እጥፍ መሆን አለበት። ለአንድ ሳሎን እውነተኛ ከ40 እስከ 60 ዋት ብዙ ነው።

ይሄን ሱቅ ከመግባቴ በፊት ባውቅ ጥሩ ነበር።

ጥቅምት 9 እስከ 14

መጀመሪያ በብሉቱዝ አገናኘሁት። ድምፁ ዘግይቶ ይመጣል፤ አንባቢዋ አፏን ዘግታ ቃሉ ከኋላ ይደርሳል። አባባ ደግሞ ብዙ ቃል የሚይዙት ከንፈር እያዩ እንደሆነ ያወቅኩት ያኔ ነው። ድምፁና ከንፈሩ ሲለያይ የነበረውም ጠፋባቸው። ለሙዚቃ ምንም አይደለም፣ ለንግግር ግን ብሉቱዝ አይሆንም፤ ሽቦ ነው።

ድምፁን በብርሃን የሚያስተላልፍ ኦፕቲካል ኬብል በ450 ብር ገዛሁ። ሰካሁት፣ ድምፅ የለም። ነቅዬ ሳየው ጫፉ ላይ ያለችውን ግልጽ የፕላስቲክ ክዳን አላወለቅኩም። በጣም ትንሽ ናት፣ የኬብሉ አካል ነው የምትመስለው። አወለቅኩ፣ ቀይ መብራቱ ታየ፣ ሰካሁ። አሁንም ድምፅ የለም። ግማሽ ሰዓት ከሜኑ ጋር ታገልኩ። ቴሌቪዥኑ በኦፕቲካል የሚልከው ዶልቢ ዲጂታል የሚባል የታመቀ ድምፅ ነበር፣ ይህ ሳውንድባር ደግሞ ዶልቢ አይፈታም። ሴቲንግ ውስጥ ዲጂታል አውትፑት የሚለውን ፒሲኤም (ያልታመቀ ተራ ድምፅ) ላይ ሳደርገው ተከፈተ። ኦፕቲካል ሰክቶ ዝም ያለበት ሰው መጀመሪያ ክዳኑን፣ ቀጥሎ ፒሲኤምን ይይ።

ሲሠራም ደስ አላለኝም። ቤዙ ንግግሩን ይሸፍነዋል። ወንድ አንባቢ ሲሆን በርሜል ውስጥ የሚያወራ ነው የሚመስለው። ሌላው ችግር መብራት ነው። በ6 ቀን 3 ጊዜ መብራት ጠፋ፣ ተመልሶ በመጣ ቁጥር ሳውንድባሩ ወደ ብሉቱዝ ሞድ ይመለሳል። አባባ ብቻቸውን ቤት ከሆኑ በሁለተኛው ሪሞት ኦፕቲካል የሚለውን ፈልገው መጫን አለባቸው። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ድምፅ የሌለው ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። «እናንተን ላለማስቸገር ብዬ ነው» አሉኝ። ያ ቀን በጣም ከፋኝ።

ሱቁ ገንዘብ አይመልስም። በሌላ እቃ ልለውጥ ብልም የሚመስለውን ነው ያሳየኝ።

ጥቅምት 15

«ጥሩ ነው፣ ጥሩ አይደለም» እያልኩ በስሜት መለካት ሰለቸኝ። ልጄ 8ኛ ክፍል ናት፣ አብረን አንድ ሙከራ አወጣን። የሚቀራረቡ 20 ቃላት ጻፍን። ፍርድና ብርድ፣ ስምና ጥም፣ ሳርና ዳር፣ ሰፋና ጠፋ፣ ክርና ጥር፣ ሰባትና ሰዓት፣ እንደዚህ ያሉ። በስልክ በተረጋጋ ድምፅ ቀዳቻቸው፣ በፍላሽ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካን። አባባ በወንበራቸው ይቀመጣሉ፣ ከቴሌቪዥኑ 3.2 ሜትር ነው። የሰሙትን ይደግማሉ፣ እሷ ትመዘግባለች። በየጊዜው ቅደም ተከተሉን እንለዋውጠዋለን።

ዋናው ነገር ድምፁ እኩል መሆን አለበት። አለበለዚያ የሚያሸንፈው ጮሆ የተከፈተው ነው። ስልኬ ላይ ዴሲቤል የሚለካ አፕ ጫንኩና ወንበራቸው ጋ ሁልጊዜ 65 አካባቢ እንዲሆን አደረግኩ። የስልክ ማይክ ትክክለኛ መለኪያ አይደለም፣ ግን በዚያው ስልክ ከዚያው ቦታ እስከሆነ ድረስ ለማወዳደር ይበቃል።

ውጤት፦ ቴሌቪዥኑ በድሮው ሴቲንግ 8 ከ20። ሰራውንዱን አጥፍቼ ሴቲንጉን ሳስተካክል 10። የ6,800 ብሩ ሳውንድባር 9።

በነፃ ካስተካከልኩት ሴቲንግ በታች ማለት ነው። ወረቀቱን ይዤ ብዙ ቆየሁ።

ጥቅምት 19

ሳውንድባሩን ጎረቤታችን ያለ ወጣት ለሙዚቃ ፈለገው፣ ጉድለቱን ነግሬው በ5,500 ሸጥኩለት። 1,300 ብር ኪሳራ። ለሙዚቃ በብሉቱዝ ሲሆን አይከፋም፣ እሱም ወዶታል።

በዚህ ሳምንት ማታ ማታ ሳነብ ነው ያሳለፍኩት። የገባኝን በራሴ ቋንቋ ልጻፈው።

ቁጥሮቹ። 2.0 ማለት ግራና ቀኝ ብቻ ነው። 2.1 ሲሆን ሰብዉፈር ይጨመራል፣ ማለትም ቤዝ። 3.1 ሲሆን መሐል ላይ አንድ ራሱን የቻለ ስፒከር አለ። 5.1.2 ላይ የመጨረሻዋ 2 ወደ ጣሪያ የሚተኩሱት ናቸው። ለኛ ቁልፉ መሐለኛው ነው። ፊልም ሲሠራ ንግግሩን በአብዛኛው የሚጭኑት እዚያ ላይ ነው። ከዲሽ የሚመጣው ድምፅ ስቴሪዮ ቢሆንም፣ የአንባቢው ድምፅ በግራም በቀኝም እኩል ስለሚመጣ ሳውንድባሩ እሱን ለይቶ ወደ መሐል ሊያወጣው ይችላል። ከዚያ የመሐሉን ብቻ ለይቶ መጨመር ይቻላል። 2.1 ላይ ግን ንግግሩን ስትጨምር ሙዚቃውም ቤዙም አብሮ ይጨምራል።

አትሞስን፣ ማለትም ድምፅን ከላይም የሚያመጣውን የዶልቢ ዘዴ፣ ተውኩት። የኛ ሪሲቨር ላይ ኢንፎ ስጫን የማያቸው የሀገር ውስጥ ጣቢያዎች ድምፃቸው ኤምፔግ፣ ባለ ሁለት ቻናል ነው። ወደ ላይ የሚተኩሰው ስፒከር ደግሞ ጠንካራና ጠፍጣፋ ኮርኒስ ላይ አንጥሮ ነው የሚሠራው፤ የኛ ችፑድ መሐሉ ረግቧል። ለዚያ የሚጨመረው ብር አባባ ጋ አይደርስም።

አገናኙ። ኦፕቲካል የቆየ ነገር ነው፣ ቶሺባ በ1983 እ.ኤ.አ. ያወጣው። ድምፅ ብቻ ያመላልሳል፣ ትእዛዝ አያስተላልፍም፤ ስለዚህ ሁለት ሪሞት ግድ ይሆናል። ኤችዲኤምአይ ኤአርሲ በ2009 እ.ኤ.አ. ከኤችዲኤምአይ 1.4 ጋር የመጣ ነው። ድምፁ ከቴሌቪዥኑ ወደ ሳውንድባሩ በዚያው ኬብል ይመለሳል፣ ሲኢሲ ከሚባለው ጋር ሲሆን ደግሞ ቴሌቪዥኑ ሲበራ ሳውንድባሩም ይበራል፣ ድምፁ በቴሌቪዥኑ ሪሞት ይጨመራል። ሲኢሲን ሜኑ ውስጥ በዚህ ስም ላታገኙት ትችላላችሁ። ሳምሰንግ አኒኔት ፕላስ ይለዋል፣ ኤልጂ ሲምፕሊንክ፣ ሶኒ ብራቪያ ሲንክ። ኢኤአርሲ የሚባለው ከኤችዲኤምአይ 2.1 ጋር በ2017 እ.ኤ.አ. የመጣው ነው፣ ያልታመቀ ባለብዙ ቻናል ድምፅ ለሚሰማ ሰው ይጠቅማል። ለዜናና ለድራማ ተራው ኤአርሲ ከበቂ በላይ ነው።

ስለዚህ የምፈልገው ይሄ ነው፦ 3.1፣ ኤአርሲ ያለው፣ የንግግር ሞድ ያለው፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ራሱ የሚነሳ። ዋት አልጠይቅም።

ጥቅምት 29

አዲስ አበባ ወረድኩ። 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተነስቼ ላምበረት ስወርድ 3 ሰዓት አልሞላም ነበር። ደርሶ መልስ ከታክሲ ጋር 700 ብር። ኪሴ ውስጥ የልጄ ቃላት ያሉበት ፍላሽ አለ።

መገናኛ አካባቢ አራት ሱቅ ገባሁ። አዲስ 3.1 ካሰብኩት በጣም በላይ ነው። አንዱ ሻጭ «ወንድሜ፣ ቤዙን ስማው መጀመሪያ» ይለኛል። ፍላሼን ሰጥቼ «ይሄን ክፈትልኝ» ስለው አንዲት ልጅ «ስም... ጥር... ሳር...» ስትል ግራ ተጋባ። ምክንያቱን ስነግረው ግን ሱቁ ውስጥ ያለውን ሙዚቃ ሁሉ አጠፋልኝ፣ ሦስት ሳውንድባር ተራ በተራ አሰማኝ። እግዜር ይስጠው። ከሱ ባልገዛም መሐለኛ ስፒከር ያለውና የሌለው ልዩነቱ ምን እንደሆነ በጆሮዬ የሰማሁት እዚያ ነው።

የገዛሁት ያገለገለ ነው፣ ከዱባይ ይዞት ከመጣ ሰው፣ ገርጂ። አንድ ዓመት ተኩል የተሠራበት 3.1፣ ሰብዉፈሩ ገመድ አልባ። 25,000 ብሎ በ22,000 ተስማማን። ገንዘብ ሳልከፍል እዚያው ቴሌቪዥኑ ላይ በኤአርሲ አስከፈትኩት። ያየኋቸው ነገሮች፦ ከሦስቱ ስፒከር እያንዳንዱ ይሠራል ወይ ብዬ ጆሮዬን አስጠግቼ አዳመጥኩ፣ ሰብዉፈሩ ራሱ ይገናኛል ወይ፣ ሪሞቱ አለ ወይ። ከዚያ ሶኬቱን ነቅዬ ትንሽ ቆይቼ መልሼ ሰካሁት። ከቴሌቪዥኑ ጋር ራሱ ተነሳ። ያኔ ነው የከፈልኩት።

ፒኑ የዱባይ፣ ሦስት አራት ማዕዘን እግር ያለው ነው፤ ማገናኛ 150 ብር። የመብራቱ ቮልት ችግር የለውም፣ እዚያም እንደኛው 50 ኸርዝ ነው፣ ሌብሉም እስከ 240 ይላል። ባሩ 90 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ አድርጌ ነው የተመለስኩት። ሸኖ ላይ ቅቤ ግዛ ተብዬ ነበር፣ እጄ አልተረፈም።

ኅዳር 1

ተከላ። ኤችዲኤምአዩን ሰካሁት፣ ድምፅ የለም። ቴሌቪዥኑ 3 ኤችዲኤምአይ አለው፣ እኔ የሰካሁት 1 ላይ ነው። ኤአርሲ ተብሎ የተጻፈው 3 ላይ ብቻ ነው። ወደ 3 አዞርኩት፣ ሲኢሲን ከሜኑ አበራሁ፣ አሁንም አንዳንዴ ይመጣል አንዳንዴ ይጠፋል። ኬብሉ ከሪሲቨሩ ጋር የመጣ ቀጭን ነው። የኤአርሲ ድምፅ የሚመለሰው ከ19ኙ ፒን በ14ኛው ነው፣ በአንዳንድ ርካሽ ኬብል ውስጥ ያ ሽቦ በደንብ አልተያያዘም። በ650 ብር ሌላ ገዛሁ፣ ችግሩ ቆመ።

ከዚያ የቴሌቪዥኑ ሪሞት መሥራት አቆመ! ባትሪ ቀየርኩ። ሪሲቨሩን ነቀልኩ። ለካ ባሩ ቁመቱ 6 ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው፣ የቴሌቪዥኑ እግር ደግሞ 5 ብቻ፤ የሪሞቱን መቀበያ ሸፍኖታል። ግድግዳ ላይ ልስቀለው ብዬ ትራፓኖ ተውሼ ነበር፣ ግን ብሎኬቱ ባዶው ላይ ሲያገኘው ፊሸሩ አልያዘም፣ ተፈረካከሰ። ቀዳዳውን በጄሶ ዘጋሁት። በመጨረሻ ሁለት የጣውላ ቁራጭ፣ 3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት፣ በሸካራ ወረቀት አሽቼ ከቴሌቪዥኑ እግር ሥር አደረግኩ። ተፈታ።

ባሩን ደግሞ ከቡፌው ጠርዝ ጋር እኩል አድርጉት። እኔ መጀመሪያ ወደ ኋላ ገፍቼው ነበር፣ ድምፁ ቡፌው ላይ እየነጠረ ይደበዝዛል። 12 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ስስበው ብቻ ንግግሩ ጠራ።

ሙከራ፦ በተራው ሞድ 13 ከ20። የንግግር ሞድ ሲበራ 14። አባባ «ይቺ ልጅ ዛሬ ጎበዝ ሆነች» አሉ።

ኅዳር 4

ሰብዉፈሩን ጥግ ላይ ነበር ያስቀመጥኩት፣ ቦታ ስላለ። ጥግ ቤዙን ያጎላዋል፤ ድራማ ላይ ሙዚቃ ሲመጣ ቤቱ ይንቀጠቀጣል። ከጥጉ አንድ ሜትር ያህል አወጣሁት፣ ከሪሞቱ 4 ቀነስኩለት፣ ሥሩ ከአሮጌ የመኪና ጎማ የቆረጥኩትን ላስቲክ አነጠፍኩ። ወለሉ ሊሾ ስለሆነ ንዝረቱ ይሄድ ነበር፣ አሁን የለም።

ናይት ሞድ የሚለውን ደግሞ አበራሁት። ጮሆ የሚመጣውን ይጫናል፣ ዝቅ ያለውን ያነሳል። ማስታወቂያ ሲገባ ሪሞት ፍለጋ መሮጥ ቀረ። ለኛ ቤት ቀኑንም ማታውንም እሱ ላይ ነው ያለው።

ስታብላይዘር 3,200 ብር። ቴሌቪዥኑ፣ ሪሲቨሩና ባሩ አንድ ላይ እሱ ላይ ናቸው።

ኅዳር 7

እስካሁን ያላሰብኩት ነገር ሳሎኑ ራሱ ነው። ልጄ ናት ያስተዋለችው። መሐል ላይ ቆማ አንዴ አጨበጨበች፣ ጭብጨባው «ጥርርር» ብሎ ይመለሳል። ግድግዳው ልስን ብሎኬት፣ ወለሉ ሊሾ፣ ከሶፋው ጀርባ ባዶ ግድግዳ። እያንዳንዱ ቃል ሁለት ሦስት ጊዜ እየተመለሰ በሚቀጥለው ቃል ላይ ይወጣል። ጤነኛ ጆሮ ይለየዋል፣ የአባባ ጆሮ አይለየውም።

ምንጣፍ ልንገዛ አሰብን፣ ዋጋው አልተቀመሰም። ባለቤቴ ከሳጥኑ ውስጥ ባናውን አወጣች። የመንዝ ባና ነው፣ ጥቁር፣ የበግ ፀጉር፣ እማዬ በእጇ የፈተለችው። ሲታጠፍ ሙሉ እቅፍ ይሆናል። ፊቴን ሳስጠጋው ዛሬም የጭስና የበግ ሽታ አለው፣ እዚህም እዚያም ሳር ተሰክቶበታል። እማዬ ካረፈች 5 ዓመት ሆኗል፣ ያ ባና ከዚያ ወዲህ ተዘርግቶ አያውቅም።

አባባን ሳናስፈቅድ አልሰቀልነውም። «ባና ለብርድ እንጂ ለግድግዳ ነው እንዴ?» አሉ። ከዚያ በእጃቸው ሲዳብሱት ቆዩና «ስቀሉት፣ ሳጥን ውስጥ ብል ከሚበላው» አሉ። ከሶፋው በስተጀርባ፣ በእንጨት ዘንግ ላይ፣ ከግድግዳው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ለቀቅ አድርጌ ሰቀልኩት። ለቀቅ ማለቱ አስፈላጊ ነው፣ ከኋላው አየር ሲኖር ይበልጥ ይውጣል። ሱፍ ቀጭኑን ድምፅ ነው በደንብ የሚውጠው፣ ቤዙን አይነካውም፤ የሚያስቸግረን ነጠራ ደግሞ ያ ቀጭኑ ነው። መስኮቱ ላይም ወፍራም መጋረጃ አደረግን።

ልጄ እንደገና አጨበጨበች። ጭብጨባው እዚያው ቀረ።

ሙከራ፦ 17 ከ20። ፍርድም ብርድም ትክክል። ያመለጧቸው ስም፣ ክር እና ሰባት ናቸው። ሦስት ጊዜ ደጋግመን አየነው፣ 16፣ 17፣ 17።

ወጪ እስከ ዛሬ፦ ባሩ 22,000፣ መንገድ 700፣ ኤችዲኤምአይ 650፣ የፒን ማገናኛ 150፣ ስታብላይዘር 3,200፣ የመጀመሪያው ኪሳራ 1,300፣ ኦፕቲካል 450። ድምር 28,450 ብር። የሕክምናው ለብቻ ነው። ከዚህ ሁሉ ውስጥ በ14 እና በ17 መካከል ያለውን ልዩነት ያመጣው ባና፣ መጋረጃና ቦታ መቀየር መሆኑን አስምሬ እጽፋለሁ። ዛሬ ብጀምረው ከባዶ ግድግዳው ነበር የምጀምረው።

ኅዳር 12

ዛሬ ሚካኤል ነው። ኅዳር ሲታጠን ሰፈሩ ሁሉ ጭስ ሆኖ ዋለ፣ መስኮት ዘግተን ነው ያመሸነው። አንድ ጎረቤት ሽማግሌ አባባን ሊጠይቁ መጥተው ዜናውን አብረው አዩ። እንግዳው መሐል ላይ «ምን አለ?» ብለው ጠየቁ። አባባ ከነዝርዝሩ ነገሯቸው፣ ቁጥሩን ሳይቀር። ባለቤቴ ከጓዳ በር ላይ ቆማ ታየኝ ነበር።

ድምፁ ስንት ላይ እንደሆነ አየሁ፣ 18 ነው። ዜናው ሲያልቅ አባባ «ቀንሱት እንጂ፣ ልጅቷ ታጥናበት» አሉ።

የቀሩ ነገሮች፦ ሁሉም ዝም ሲል ከባሩ ዝቅ ያለ «እምምም» የሚል ድምፅ ይሰማል። የዲሹን ኬብል ከሪሲቨሩ ስነቅለው ይጠፋል፣ ስለዚህ የግራውንድ (የመሬት ሽቦ) ጉዳይ ነው የሚመስለኝ፤ እሁድ ከኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጋር አየዋለሁ። የመስሚያ መሣሪያው ቀጠሮ ታኅሣሥ 6 ነው። ከዚያ በፊት ልጄ አዲስ 20 ቃል ትቀዳለች፣ የመጀመሪያዎቹን አባባ በቃላቸው ይዘዋቸዋል።